ቀጭኗ ክር

ቡልቱ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ፣ ግማሹ ገና በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ሹክላ ከኩሽና ሆና፣ “አንሳው እንጂ፣ ጆሯችንን በላውኮ!” አለችው። አነሳው። የደዋዩን ስም ሲያይ ምላጭ የያዘው እጁ አየር ላይ ቀረ። ሞህዋ ናት።

“ጋሼ፣ ጉድ ሆንኩልህ” አለች፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም። “ጊታሬ ተሰበረ። ትናንት ከሰሜን ስንመለስ ባቡር ጣቢያው ደረጃ ላይ ከተሸካሚው ራስ ላይ ወደቀ። አንገቱ እንደ ሸንኮራ ነው የተቀነጠሰው። ዛሬ አመሻሽ ላይ ደግሞ ኮሌጁ ሜዳ ላይ ዝግጅት አለብን።”

“ታዲያ ሌላ ፈልጊያ።”

“ከየት አባቴ? ዛሬኮ የዕውቀትና የዜማ እናታችን የሳራስዋቲ በዓል ነው። ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። የማውቃቸው ቤዝ ተጫዋቾች ጋ ሁሉ ደወልኩ፤ አንዱ ሳይቀር ጊታሩን እናታችን እግር ስር አስቀምጦታል። እስከ ነገ ጠዋት ማን ደፍሮ ይነካዋል? ኮልካታ ውስጥ ጊታሩን ለአምላክ የማያስቀምጥ አንተ ብቻ ነህ፣ ጋሼ። አባትህ ኮሚኒስት በመሆናቸው አምላክ ይመስገን!”

ሌላ ሰው ቢናገረው ኖሮ ቡልቱ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን ሳቁ ሆዱ ውስጥ ደረቀ። መድረኬን ወሰደች፣ ዘፈኔን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ ጊታሬን ልትወስድ ነው ብሎ አሰበ።

“ዘንድሮ እኔም አስቀምጫለሁ” አለ። ቃሉ ከየት እንደመጣለት እሱም አያውቅም።

“አንተ?!”

“እኔ! ምነው? ሰው ሲያረጅ አያምንም ያለሽ ማነው?”

ልጅቷ ሳትከራከር፣ “እሺ ጋሼ፣ እንኳን አደረሰህ” ብላ ስልኩን ዘጋች። መከራከር ነበረባት። ብትከራከረው ይቆጣት ነበር፤ ቢቆጣ ይቀለው ነበር።

ጊታሩ ከበሩ ጀርባ፣ ከጃንጥላውና ከአሮጌው የወባ አጎበር ጋር ተደግፎ ቆሟል። ሹክላ ቢጫ ሳሪዋን ለብሳ፣ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ኩሽናው በር ላይ ብቅ አለች።

“ምንድን ነው ያስቀመጥከው?”

“ምንም።”

“ሞህዋ ናት አይደል? ምን ሆነች?”

“ጊታሯ ተሰበረ። እኔ ምን ላድርጋት?”

ሹክላ መጀመሪያ ባሏን አየችው፤ ቀጥላ ከበሩ ጀርባ ያለውን ጊታር አየችው። “አንተ ሰውዬ” አለች ቀስ ብላ፣ “ያቺ ልጅ በሄደችበት ሁሉ ስምህን አንስታ አትጠግብም።”

“እሱ ነው የሚያናድደኝ!” አለ ቡልቱ፣ ያልተላጨ ጉንጩ ላይ አረፋው እየደረቀ።

የመዝገብ ስሙ ሾይባል ኩንዱ ነው፤ በዚህ ስም የሚጠራው ግን ባንክ ቤት ብቻ ነው። “የመጨረሻው ትራም” በሚባለው ባንድ ውስጥ ፀጉሩ ከሰል ከነበረበት ጊዜ አንስቶ እስኪሸብት ድረስ ቤዝ የሚባለውን ባለ ወፍራም ድምፅ ጊታር ተጫውቷል። ቤዝ ተጫዋች መሆን በሠርግ ቤት የሙሽራው አጎት እንደመሆን ነው፤ ከቀረ ሁሉም ይቀየማል፣ ከመጣ ማንም አያየውም። ቡልቱ ይህን ለምዶት ነበር። ኦርኮ የሚባለው ዘፋኝ፣ የልጅነት ጓደኛው፣ በየማስታወቂያው ላይ ያንን የተበጠረ ፀጉሩን ይዞ ብቻውን ሲሰቀል ይቀና ነበር፤ ቅናቱ ግን እንደ ቆየ የጥርስ ሕመም ስለነበረ አብሮት በልቶ፣ አብሮት ያድር ነበር።

አንድ ነገር ብቻ የራሱ ነበረው። “የማለዳ ጀልባ” የተባለው ዘፈናቸው ሲጀምር ከበሮው አይመታም፣ ኦርኮም አፉን አይከፍትም፤ ቤዙ ብቻውን ይገባል። ያንን መግቢያ ቡልቱ ያገኘው ተማሪ ሳለ፣ ከወንዙ ማዶ ከሃውራ ወደ ከተማው በሚያሻግረው ጀልባ ላይ ቁጭ ብሎ የሞተሩን ድምፅ ከመቀመጫው በኩል ሲሰማ ነው። ዱም ዱም እያለ ይሄድና፣ መጨረሻው ላይ ጀልባዋ ዳር ስትደርስ ሞተሩ እንደሚከስመው ሁሉ ቁልቁል ወርዶ ያርፋል። ሕዝቡ ያንን አብሮ ያንጎራጉረዋል። ሰው ዘፋኙን ትቶ ቤዝ አብሮ የሚያዜምበት ሌላ አገር ካለ ቡልቱ አልሰማም።

ከዚያ የዴንጊ ትኩሳት ያዘው። ለትልቁ በዓል ሰሞን ሥራ ተይዞ ስለነበር ተማሪውን ሞህዋን በእሱ ቦታ እንድትሄድ የላካት ራሱ ነው። “ጣቷ ንጹሕ ነው፤ አታሳፍራችሁም” ብሎ ደውሎ ያስማማውም ራሱ ነው። አላሳፈረችም። ድኖ ልምምድ ቦታ የሄደ ቀን ሞህዋ ጥግ ላይ ጊታሯን ታቅፋ ተቀምጣለች። ቡልቱ በቀልድ መልክ፣ “እህ፣ ዛሬ ማነው የሚጫወተው?” ብሎ ጠየቀ። ወዲያው “አንተ ነህ እንጂ!” ይሉኛል ብሎ ነበር የጠበቀው። ዝም አሉ። ረጅም ዝምታ አልነበረም፤ አንድ ሰው ምራቁን የሚውጥባት ያህል ነበረች። ኦርኮ አፉን ሲከፍት ቡልቱ ጊታሩን አንስቶ ወጥቶ ነበር። ቀጥ ብሎ፣ ዞር ሳይል ሄደ። የመንገዱን ጥግ ከታጠፈ በኋላ ግን ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ያንን ለሹክላ እንኳ አልነገራትም።

ይህም ሁሉ ይሁን ይባል። የሞህዋ ኃጢአት ሌላ ነው። መግቢያውን ለወጠችው። እንደ እሱ ትጀምርና መጨረሻው ላይ፣ እሱ በሚወርድበት ቦታ፣ እሷ በቀጭኗ ክር ላይ ሽቅብ ትወጣለች፤ ወጥታም እዚያው ትንጠለጠላለች። ሕዝቡ ይጮኻል። ቡልቱ ሽንት ቤት ገብቶ፣ በሩን ቆልፎ፣ የስልኩን ድምፅ ቀንሶ ቪዲዮውን ስንት ጊዜ እንዳየው እሱና አምላኩ ናቸው የሚያውቁት፤ አምላክ ደግሞ የለም ይላል። የሚያንገበግበው መለወጧ አልነበረም። የእሷ ይበልጣል። ለማንም አልተናገረውም እንጂ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ዕለት ነው ያወቀው። አሁን ቤቱ የሚመጡት ተማሪዎች እንኳ፣ “ጋሼ፣ የሞህዋን አስተምረን” ይሉታል። የሞህዋን!

ፊቱን እንደ ነገሩ ጨርሶ ተላጨ። ልጅቷ ከመጣች ውሸቱ አደባባይ ሊወጣ ነው። ጊታሩን ከነቦርሳው በትከሻው አንጠልጥሎ ወጣ። ሹክላ እስከ በሩ በዓይኗ ተከተለችው።

የሰፈሩ ክበብ ለበዓሉ የጣለው ዳስ ከቤታቸው ሁለት መታጠፊያ ብቻ ነው የሚርቀው። ከሸክላ የተሠራችው ሳራስዋቲ በነጭ ዝይዋ አጠገብ፣ ባለ ክር መሣሪያዋን ታቅፋ፣ ቢጫ አበባ ተከምሮላት ተቀምጣለች። እግሯ ስር የሰፈሩ ልጆች መጻሕፍት ተቆልለዋል፤ ያው እንደ ወትሮው ከሁሉም የበዛው የሒሳብ መጽሐፍ ነው። ከአጠገቡ ሁለት ሃርሞኒየም፣ ከበሮና አንዲት ዋሽንት አሉ። የክበቡ ሊቀመንበር ጋሽ ኖኒ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሩዝና ምስር የሚቀቅሉትን ልጆች ያዛሉ። ቡልቱን ሲያዩ ብድግ አሉ።

“ኧረ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች! የኩንዱ ልጅ? አባትህ ይህን ሳያዩ ሞቱ!”

“ተዉኝ እባክዎ፣ ጋሽ ኖኒ። የት ላድርገው?”

“እዚህ፣ እዚህ፣ እግሯ ሥር። ኧረ ሰዎች ኑና እዩ! ቡልቱ አመነ!”

ሰው ተሰበሰበ። ቡልቱ አንገቱ እስኪቀላ ድረስ አፍሮ ጊታሩን ከቦርሳው አውጥቶ አጋደመው። ካህኑን አንድ ጎረምሳ ከማዶው ሰፈር በሞተር ብስክሌት ነጥቆ ገና ማምጣቱ ነው፤ በዚህ ቀን ካህን ከወርቅ ይወደዳል። ሰውዬው እየተቻኮሉ አበባ በተኑ፣ ጊታሩን ሲያዩም ቆም አሉ።

“ይህ ምንድን ነው?”

“ቤዝ ጊታር ነው።”

“አራት ክር ብቻ? ሁለቱ የት ሄዱ?”

ሰዉ ሳቀ። ዕድሜ ልኩን ሲጠየቅ የኖረው ጥያቄ ነው። “ለሌላ ሰው ሰጠኋቸው” አለ ቡልቱ። ካህኑ አንድ እፍኝ ቢጫ አበባ ክሮቹ ላይ ጣል አደረጉና፣ “እስከ ነገ ጠዋት እጅ እንዳይነካው” ብለው ወደሚጠብቃቸው ሞተር ሮጡ።

ቡልቱ ባዶውን ቦርሳ ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ይሁን ይበላት እያለ ሄደ፤ እየደጋገመ ባለ ቁጥር ግን ቃሉ ሬት ሬት እያለው መጣ።

ሹክላ የበዓሉን ምሳ አቀረበች፤ ሩዝና ምስሩን ከተቀቀለ አትክልት ጋር፣ ከጎኑም ከዛሬ በፊት መቅመስ የማይፈቀደውን የቁርቁራ ማጣፈጫ። ሁለተኛውን ጉርሻ ሳይጎርስ ስልኩ ጮኸ። ኦርኮ ነው። ከስንት ጊዜ በኋላ!

“ቡልቱ፣ የት አባህ ጠፋህ?”

“የት እጠፋለሁ? ካስቀመጣችሁኝ ቦታ ነኝ።”

“ጀመረህ ደግሞ! ስማ፣ ሞህዋ ጊታር አላገኘችም። ያንተን ለእናታችን ሰጥቷል ትለኛለች፤ ሳቄን ነው ያመጣችው። እንደማትሰጣት ገብቶኛል፤ አልፈርድብህም። ግን አንተ ራስህ ለምን አትመጣም? ጊታርህን ይዘህ ና፤ እንደ ድሮው። ‘የማለዳ ጀልባ’ን በራስህ እጅ ስትገባበት ሕዝቡ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?”

ቡልቱ የሚያውቀውማ! ልቡ የጀልባ ሞተር ሆነች። “ልጅቷስ?” አለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ።

“ልጅ ናት፤ ነገ ትረሳዋለች። ትመጣለህ አትመጣም?”

“እመጣለሁ” አለ።

ስልኩን ካስቀመጠ በኋላ ነው ነገሩ የታወሰው። ጊታሩ ዳሱ ውስጥ፣ አበባ ለብሶ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እያየው ተጋድሟል። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይባል የለ? ለሞህዋ የማሰውን ራሱ ገባበት።

“ወዴት ነው?” አለችው ሹክላ ሲነሳ።

“ላመጣው።”

“ለእሷ?”

ቡልቱ ባዶውን ቦርሳ አንጠልጥሎ ወጣ።

ለጋሽ ኖኒ የሚነግራቸውን እያሰናዳ ዳሱ ደጃፍ ሲደርስ እግሩ ተያዘ። ሞህዋ ምስሉ ፊት ቆማለች። ቢጫ ሳሪ ለብሳለች፤ ሁልጊዜ በሱሪ ስለሚያያት መጀመሪያ አላወቃትም ነበር። ዓይኗን ጨፍና አበባዋን ሰጥታ ስትጨርስ ዞር ብላ አየችው፤ ወዲያው ጎንበስ ብላ እግሩን ነካች።

“ይቅር በለኝ ጋሼ። በልቤ ዋሽቶኛል ብዬህ ነበር። መጥቼ ሳየው አፈርኩ። ኦርኮ ‘ተለማምጠሽ ውሰጂው’ ብሎኛል፤ እኔ ግን እዚህ የተቀመጠ ነገር አልነካም።”

“ታዲያ ማታ ምን ልትሆኚ ነው?”

“ሰዎች እያፈላለጉልኝ ነው። ካልተገኘም ለኦርኮ ‘የማለዳ ጀልባ’ን ዛሬ እንዝለለው እለዋለሁ። ያለ ቤዝ ምኑ ይዘፈናል?”

ኦርኮ አልነገራትም ማለት ነው። ቡልቱ ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። ዝም ብሏት ትሂድ ቢል ይችል ነበር፤ ማታ መድረክ ላይ ታየዋለች። ይህን ያህል ግን አልጨከነም።

“ኦርኮ ደውሎልኝ ነበር” አለ። “ማታ እኔ እንድጫወት።”

ሞህዋ ዝም አለች። ረጅም ዝምታ አልነበረም። ምራቋን ዋጠች።

“በምን ጊታር?” አለች በመጨረሻ።

ቡልቱ ወደ ሳራስዋቲ እግር አየ። ሞህዋም አየች። ቀጥላ በትከሻው ያንጠለጠለውን ባዶ ቦርሳ አየች፤ ገባት። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ቡልቱ ቁጣ ቢያይ ይመርጥ ነበር።

“እሺ ጋሼ” አለች። “ዘፈኑም ያንተ ነው።”

ሳሪዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ሄደች። ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው፤ ዞር አላለችም። ቡልቱ ያንን አካሄድ ያውቀዋል። እስከ መታጠፊያው እንደዚያ ትሄዳለች፤ ከታጠፈች በኋላ ደግሞ እዚያ የሚጠብቃትን ግድግዳ ያውቀዋል። ትሂድ የሚለው ልቡ አሁንም ትሂድ ይል ነበር፤ በደንብ ይሰማዋል። እግሩ ግን ተነቃነቀ።

“ሞህዋ! ነይ እዚህ!”

ቆመች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ቡልቱ ጫማውን አውልቆ ገባና ጎንበስ ብሎ ጊታሩን ከሒሳብ መጻሕፍቱ መሃል አነሳው። ቢጫው አበባ ከክሮቹ ላይ ረገፈ።

“ኧረ አንተ! ኧረ የአምላክ ያለህ!” ጋሽ ኖኒ ከወንበራቸው ዘለው ተነሱ። “እስከ ነገ አይነካም ተብሏልኮ! ኃጢአቱን ማን ሊሸከመው ነው?”

“በእኔ ላይ ያድርጉት፣ ጋሽ ኖኒ። እኔ ኮሚኒስት ነኝ።”

“ጠዋት አምኛለሁ አላልክም?”

“ዋሽቼ ነው።” ወደ ሞህዋ ዞረ። “ዋሽቼሻለሁ። ስትደውዪ ከበሩ ጀርባ ነበር። እንዳትወስጂው ብዬ ነው ሮጬ ያመጣሁት። ለአምላክ የተሰጠ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ብትነኪው ምንም አትሆኚም።”

ሞህዋ አፏን ይዛ አየችው። “ለምን ጋሼ?”

“ለምን እንደሆነማ ታውቂያለሽ።” ጊታሩን ዘረጋላት። “እንቺ፣ ሐሳቤን ሳልለውጥ ውሰጂው።”

ቀስ ብላ ተቀበለችው። ከልማድ የተነሳ ጣቶቿ ወዲያው ክሮቹ ላይ ሄዱ። ቀጭኗን ነካ አድርጋ ወደ ላይ ሳብ ስታደርጋት ክሯ ሲጥ የሚል የዛገ ድምፅ ሰጠች። ሞህዋ ጣቷን አየች፤ ቡናማ ዝገት ይዞታል።

“ይቺ አርጅታለች” አለች።

“አዎ። ሽቅብ ከወጣሽባት ትበጠሳለች። እኔ አልደርስባትም፤ ቁልቁል ነው የምወርደው።”

“ምንም አይደል፣ ጋሼ” አለች ሞህዋ። “ዛሬ እንደ አንተ እወርዳለሁ። ያንተን መጨረሻ ይስሙት።”

ቡልቱ ይህን ስንት ጊዜ ተመኝቷል! ሜዳ ሙሉ ሕዝብ ፊት፣ በራሱ ጊታር፣ ያውም በእሷው እጅ፣ ጀልባዋ ዳር ደርሳ ሞተሯ ሲከስም። ዝም ማለት ብቻ በቂ ነው። ማንም አይወቅሰውም፤ እሷም በደስታ ነው የምታደርገው። የቦርሳው የጎን ኪስ ውስጥ ያለውን ነገር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ስልኩ ጮኸ። የኦርኮ ስም ነው። ቡልቱ አየው፤ አየውና አላነሳውም። ዳሱ ደረጃ ላይ ቁጭ አለ።

“አምጪው” አላት።

ጊታሩን ጭኑ ላይ አስተኝቶ የቦርሳውን የጎን ኪስ ከፈተና አንዲት ትንሽ እሽግ ወረቀት አወጣ። ውስጧ አዲስ ቀጭን ክር ተጠቅልላለች። ባለፈው ክረምት፣ ሹክላ ቤት በሌለችበት ቀን የእሷን አወጣጥ ሊሞክር የገዛት ናት፤ ሞቴን እመርጣለሁ እንጂ አልጫወተውም ብሎ እስከ ዛሬ ሳይፈታት ቀርቶ ነበር። ሞህዋ እሽጉን አየች፤ እሱን አየች። አጠገቡ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

የዛገችውን ፈትቶ ጣላት። አዲሷን አስገብቶ መቃኛውን ቀስ በቀስ አጠነከረ፤ በጣቱ ነካ፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ እንደገና አጠነከረ። ቅናቱ የትም አልሄደም፤ እዚያው ደረቱ ውስጥ ተቀምጦ አብሮት ይቃኛል። ድምፁ ሲገጥምለት ጊታሩን መልሶ ሰጣት።

“ከላይ ስትደርሺ ትቸኩያለሽ” አላት፣ ፊቷን ሳያይ። “አትቸኩዪ። እዚያው ትንሽ ቆዪ።”